ቤዙ ይገባል፣ ኔትወርኩ ደጅ ይቀራል

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ፣ መጋላ ነው የምኖረው። ቤታችን የድሮ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ በርና መስኮቱ ላሜራ። ከጎናችን ሙዚቃ ቤት ተከፍቷል። የዘፈኑ ግጥም አይለይም፤ ቤዙ ግን ደረት ይመታል። ማታ ማታ ደግሞ ይብሳል። የምተኛበት ክፍል ርዝመቱ 3 ሜትር ተኩል ነው፣ አልጋዬ ግድግዳውን ተጠግቷል። የእንቁላል ካርቶንና ስፖንጅ ለጠፍኩበት፣ ለውጥ የለም። የሚገርመኝ እዚያው ክፍል ውስጥ ስልኬ ኔትወርክ አይይዝም፤ ለመደወል ደጅ መውጣት አለብኝ። አንድ ኤሌክትሪሺያን ‹ሁለቱም ሞገድ ነው፣ ቤዝ ጉልበትና ፍጥነት ስላለው ግድግዳ ይበሳል፣ የኔትወርኩ ግን በድሬ ሙቀት ይደክማል፤ የኔትወርክ ማጉያ ቡስተር ግዛ› አለኝ። የአሥረኛ ክፍል ልጄ ደግሞ ‹ሁለቱም ሞገድ ከሆኑ እኩል ማለፍ አለባቸው› ትላለች። ማነው ልክ? ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ሦስታችሁም ግድግዳውን ነው የምታዩት። መታየት ያለበት ጣሪያው ነው። ውፍረቷ ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላው ቆርቆሮ ለቤዝ የለችም ማለት ይቻላል። ለስልክ ሞገድ ደግሞ ዝግ ናት። አንዱን አስገብታ ሌላውን ደጅ የምታስቀረው እሷው ናት። የድንጋይ ግድግዳህ ከሞላ ጎደል ከደሙ ንጹህ ነው። የእንቁላል ካርቶኑ የተለጠፈው ጥፋት በሌለበት ቦታ ነው። ጥፋቱ ያለበት ቦታ ቢለጠፍም አይሠራም ነበር፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ከልጅህ ልጀምር፤ ስህተቷ የብዙ ተማሪ ነው። ሁለት ነገሮች ሞገድ ናቸው ስንል በተመሳሳይ ሕግ ይጓዛሉ ማለታችን ነው። ከአንድ ነገር ተሠርተዋል ማለት አይደለም። ድምፅ የአየር ግፊት ነው። የስፒከሩ ሽፋን ወደ ፊት ሲገፋ አጠገቡ ያለውን አየር ያጨናንቀዋል፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ያሳሳዋል። ይህ መጨናነቅና መሳሳት ከአየር ወደ አየር እየተቀባበለ ይሄዳል። አየሩ ራሱ ግን ቦታውን አይለቅም፤ ወዲያና ወዲህ ብሎ ይመለሳል። የድሬው ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ውሃው ራሱ ከነአሸዋው ይመጣል። ድምፅ እንደዚያ አይደለም። ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ ያለው አየር አንተ ክፍል አልገባም። የገባው ጉልበቱ ብቻ ነው። ሞገድ የሚባል ነገር ሁሉ ዋና ጠባዩ ይሄ ነው፦ ጉልበት ያሻግራል፣ ቁስ አያሻግርም።

የስልክህ ሞገድ ደግሞ የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ንዝረት ነው። አየርም ሆነ ሌላ ነገር አይፈልግም። የፀሐይ ብርሃን የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ባዶ ቦታ አቋርጦ ስምንት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይደርሳል። የፀሐይን ድምፅ ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም፤ መሐል ላይ ድምፅ የሚሸከም አየር የለም። የመጀመሪያው ትልቅ ክፍፍል እዚህ ነው። ድምፅ፣ የውሃ ላይ ሞገድና የመሬት መንቀጥቀጥ የሚጓዙበት ነገር ያስፈልጋቸዋል፤ መካኒካል ሞገድ ይባላሉ። ብርሃን፣ ሬዲዮ፣ ዋይፋይ፣ ኤክስሬይ ግን ኤሌክትሮማግኔቲክ ናቸው፤ ምንም አያስፈልጋቸውም።

ስለዚህ አንድ ዕቃ ሁለቱን ሞገዶች በተለያየ ዓይን ነው የሚያያቸው። ለድምፅ ወሳኙ ነገር ክብደት ነው፤ ከዚያ ክፍተት መኖር አለመኖሩ። ለሬዲዮ ሞገድ ወሳኙ ያ ዕቃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ወይ የሚለው ነው። ድንጋይ ከባድ ነው፣ ኤሌክትሪክ ግን እምብዛም አያስተላልፍም። ቆርቆሮ ቀላል ነው፣ ኤሌክትሪክ ግን በደንብ ያስተላልፋል። ልጅህ ይህን ካገኘች ጥያቄዋ ራሱ ይፈታል።

ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ልምጣ። ቤዝ ፍጥነት አለው ያለው ትክክል አይደለም። በአየር ውስጥ ቀጭኑም ወፍራሙም ድምፅ እኩል ነው የሚሄደው። ማስረጃው ቀላል ነው፤ የሠርግ አጀብ ከሩቅ ሲመጣ ከበሮውና ዘፈኑ ተለያይተው አይደርሱም። ቤዝ ቢፈጥን ኖሮ ከበሮው ቀድሞ ዘፈኑ ይከተል ነበር፣ ሙዚቃ የሚባል ነገርም ከአሥር ሜትር በላይ አይሰማም ነበር። ፍጥነቱን የሚወስነው አየሩ ነው፤ በተለይ የአየሩ ሙቀት። በዜሮ ዲግሪ ድምፅ በሴኮንድ 331 ሜትር ይሄዳል። አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 0.6 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ድሬ በ35 ዲግሪ ቀን 352 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሐረር በ20 ዲግሪ 343። ሐረር ላይ የሚያንሰው ከፍታው አየሩን ስላሳሳው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ሐረር ስለሚቀዘቅዝ ነው።

ሞገድን ለመረዳት ሦስት ነገር ለይቶ ማየት ይበቃል። አንደኛው ድግግሞሽ ነው፤ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ይነዝራል ማለት ነው፣ በሄርዝ ይለካል። ይህን የሚወስነው ምንጩ ነው፣ እዚህ ጋ ስፒከሩ። ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው፤ የሚወስነው የሚጓዝበት ነገር ነው። ሦስተኛው የሞገድ ርዝመት ነው፤ ከአንዱ መጨናነቅ እስከ ቀጣዩ መጨናነቅ ያለው ርቀት። እሱን ማንም አይወስነውም፤ ፍጥነቱን ለድግግሞሹ ስታካፍል ይወጣል። 50 ሄርዝ የሆነ ቤዝ በድሬ አየር 7 ሜትር ርዝመት አለው። 3,500 ሄርዝ የሆነ ድምፅ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የድምፁ ኃይል፣ ማለትም የንዝረቱ ከፍታ፣ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ጉዳይ ነው። ጎረቤትህ ቮሊዩም ሲቀንስ የሚቀንሰው ይሄው ከፍታ ብቻ ነው፤ ሞገዱ አይረዝምም፣ አያጥርም፣ አይዘገይም።

አሁን ዋናው ነገር። አንድ ግርዶሽ ድምፅ የሚያሳልፈው ሞገዱ ገፍቶ ሲያንቀጠቅጠውና እሱ በተራው ከወዲያ ያለውን አየር ሲገፋ ነው። ከባድ ከሆነ አይንቀሳቀስም። ቀስ ብሎ የሚገፋ ሞገድ ግን ለማንቀሳቀስ ጊዜ አለው፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚነዝረው በሴኮንድ 3,500 ጊዜ ከሚነዝረው ይልቅ በቀላሉ ያወዛውዘዋል። በባለሙያ ሒሳብ የግርዶሹ ክብደት እጥፍ ሲሆን ወይም ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን የሚታገደው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ገደማ ይጨምራል። ለጆሮ 10 ዴሲቤል መቀነስ ማለት ድምፁ በግማሽ የቀነሰ መምሰል ነው።

ይህን ቤትህ ላይ አምጣው። ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሒሳቡ ሲሠራ 3,500 ሄርዝን ከ30 ዴሲቤል በላይ ያግዳል፤ 50 ሄርዝን ግን ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። የዘፈኑ ግጥም የማይለይህ ለዚህ ነው። ቃል ከቃል የሚለየን በዋናነት ቀጫጭኑ ድምፅ ነው፣ እነ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ጭ»። እነሱ ቆርቆሮው ላይ ይቀራሉ። ቤዙ ሰተት ብሎ ይገባል። አቡጀዲው ደግሞ በድምፅ በኩል እንደሌለ ቁጠረው። 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ በካሬ ሜትር ከ800 ኪሎ በላይ ነው፤ ያንኑ 50 ሄርዝ 45 ዴሲቤል አካባቢ ያግዳል። በእሱ በኩል ደረት የሚመታ ነገር አይመጣም። የጀጎል የድሮ ቤቶች በዚህ በኩል የታደሉ ነበሩ። ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸውም በእንጨት ላይ አፈር የተደለደለበት ጠፍጣፋ ነበር። ከላይም ከጎንም ክብደት አለ። ቆርቆሮ ሲመጣ ዝናቡ ተከለከለ፣ ድምፁ ተፈቀደ።

አሁን ወጥተህ የምታረጋግጠው ነገር አለ። በተያያዙ የድሮ ቤቶች የጋራው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ቦታ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ለሁለቱም ቤት የጋራ ነው። አቡጀዲውን በአንድ ጥግ ፈታ አድርገህ በባትሪ ተመልከት። ግድግዳው ቆርቆሮውን ሳይነካ ካለቀ ምክንያቱን አገኘኸው ማለት ነው። አንተና ሙዚቃ ቤቱ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ጨርቅ ተለያይታችሁ ነው የምትኖሩት። ስትወጣ የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ተጠንቀቅ፤ በድሮ ኮርኒስ ውስጥ የተላጠ ገመድ የተለመደ ነው። ቆጣሪውን አጥፍተህ ውጣ።

ሌላም መንገድ አለ። ስፒከሩ ወለሉ ላይ ወይም ግድግዳውን ተደግፎ ከተቀመጠ ንዝረቱ አየር ሳያስፈልገው በቀጥታ ወደ ሕንፃው ይገባል። ድምፅ በጠጣር ነገር ውስጥ ከአየር ይልቅ እጅግ ይፈጥናል፤ በብረት ውስጥ በሴኮንድ ከ5,000 ሜትር በላይ ይሄዳል። ከነባሩ የጅቡቲ ባቡር መስመር ጋር ያደገ የድሬ ልጅ ሐዲድ ላይ ጆሮ መለጠፍ ምን እንደሚያሰማ ሳይሰማ አልቀረም፤ ባቡሩ ሳይታይ ብረቱ ያወራል። (ልጆች ይህን እንዳይሞክሩ፤ አሁን ያለው ባቡር ፈጣን ነው።) መሞከሪያው ቀላል ነው። ጆሮህን የጋራው ግድግዳ ላይ ለጥፍ። ከክፍሉ አየር ይልቅ ግድግዳው ውስጥ ጎልቶ ከተሰማህ፣ ስፒከሩ ግድግዳውን ወይም ወለሉን ነክቷል።

ስፖንጅና የእንቁላል ካርቶን ለምን አልሠሩም? ሥራቸው ሌላ ስለሆነ ነው። እነሱ ድምፅ አያግዱም። ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ቀጭን ድምፅ ነው የሚውጡት። ያም ቢሆን ውፍረታቸው ከሞገዱ ርዝመት ጋር መመጣጠን አለበት። 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ለ10 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ነገር ነው። ለ7 ሜትር ሞገድ ግን ቀለም ከመቀባት አይሻልም። ካርቶኑና ተራው ስፖንጅ በእሳት የሚጫወቱ ናቸው። በፍጥነት ይቀጣጠላሉ፣ የስፖንጅ ጭስ ደግሞ ይገድላል። የምትተኛበት ክፍል ስለሆነ ዛሬውኑ አውርደው።

አልጋህን በተመለከተ ነጻ የሆነ መፍትሔ አለ። ሞገድ ግድግዳ ሲመታ ይመለሳል፤ የሚመጣውና የሚመለሰው ይገናኛሉ። አንዳንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንድ ቦታ ይጣፋሉ። የክፍሉ ርዝመት የሞገዱ ግማሽ ሲሆን ይህ ነገር አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ቋሚ ሞገድ ይባላል። የአንተ ክፍል 3 ሜትር ተኩል ነው። የ7 ሜትር ሞገድ ግማሽ ማለት ነው። 50 ሄርዝ አካባቢ ያለው ቤዝ ክፍልህን የራሱ ሳጥን አድርጎታል። በሁለቱ ጫፍ ግድግዳዎች ጋ ይጮኻል፣ መሐሉ ላይ ይደክማል። አንተ ደግሞ ጫፉ ላይ ነው የተኛኸው። ዛሬ ማታ ሙዚቃው ሲጀምር ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ቀስ ብለህ ተራመድና ስማ። ልዩነቱን ከሰማህ አልጋውን፣ ቢያንስ የራስጌውን፣ ወደ መሐል አምጣው። ለሌላ ድግግሞሽ ጸጥ የሚለው ቦታ ሌላ ስለሆነ ሁሉንም ዘፈን አይፈታልህም። ግን ነጻ ነው።

የላሜራ በርህ በአንድ ኖታ ላይ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነም ምክንያቱ ዘመድ ነው። ማንኛውም ዕቃ የሚወደው የራሱ ድግግሞሽ አለው፤ ሞገዱ እሱን ሲመታበት አብሮ ይዘላል። ማጠፊያውና ማቀፊያው ላይ ጎማ አስገባበት፣ ይተዋል።

ማታ ለምን ይብሳል ላልከው፣ ዋናው ምክንያት ባጃጁና ገበያው ዝም ማለቱ ነው። ቀን ቤዙን የሚሸፍነው ጫጫታ ማታ የለም። አንድ ሌላ ነገር ይደርብበታል፤ ለአንተ ጉዳይ ብዙ ባይጠቅምም ደስ ስለሚለኝ ልጥቀሰው። ቀን የድሬ መሬት ይግላል። ከመሬት የተጠጋው አየር ከላይኛው ይልቅ ሞቃት ስለሆነ ድምፅ እታች ይፈጥናል። በዚህ የተነሳ ሞገዱ ወደ ላይ ይታጠፍና ከጭንቅላታችን በላይ ያልፋል። ማታ ይገለበጣል። ታች ይቀዘቅዛል፣ ሞገዱ ወደ መሬት ይታጠፋል። የሩቅ አዛንና የሩቅ ጅብ ማታ ጥርት ብሎ የሚሰማው ለዚህ ነው። በአንድ ግድግዳ ለሚለያይ ጎረቤት ግን ይህ ሰበብ አይሆንም።

ኔትወርኩ ላይ ልምጣ። የሬዲዮ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር። የድግግሞሹ መጠን ከድምፅ ጋር አይነጻጸርም። በ900 ሜጋ ሄርዝ የሚሠራ የስልክ ሞገድ 33 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው፤ በ1,800 ሜጋ ሄርዝ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ብረት ላይ ሲያርፍ በብረቱ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ያንቀሳቅሳል፣ እነሱ ሞገዱን መልሰው ይረጩታል። ወደ ብረቱ ውስጥ የሚገባው በሚሊሜትር ሺኛ የሚቆጠር ጥልቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮው ቀጭን መሆኑ ምንም አያግዘውም። ድንጋዩ ያደክመዋል እንጂ አይገድለውም። የእርጥብ ግድግዳ ነገር ይከፋል፤ ውሃ የሬዲዮ ሞገድን ይውጣል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በርና መስኮቱ ላሜራ ከሆነ የቀረው መግቢያ ይህ ደክሞ የሚያልፈው ብቻ ነው።

መስኮት ስትከፍት ይሻል እንደሆነ አላልክም። ካልተሻለ የትንኝ መከላከያውን ወንፊት እይ። የሽቦ ከሆነ እሱም ግርዶሽ ነው። ቀዳዳው ከሞገዱ ርዝመት በእጅጉ ካነሰ ሞገዱ ቀዳዳውን እንደ ቀዳዳ አያየውም። የማይክሮዌቭ ምድጃ በር ላይ ያለው ባለ ቀዳዳ ብረት በዚሁ ሕግ ነው የሚሠራው፤ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሞገድ በሚሊሜትር ቀዳዳ አይወጣም፣ ብርሃን ግን ይወጣል። ስለዚህ የሽቦውን ወንፊት በፕላስቲክ ወንፊት ቀይረው። ወንፊቱን ጭራሽ አንስተህ ጣል አላልኩም፤ ድሬ ላይ ወባ ቀልድ አይደለም።

ሙቀት ኔትወርክ ያደክማል የሚለው ከንቱ ነው። የድሬ ፀሐይ የስልክ ሞገድ ላይ የምታደርሰው ነገር ከቁጥር አይገባም። ስልኩ ራሱ ግን ሲግል ይንቀረፈፋል፣ ያኔ ሰው ኔትወርክ ሄደ ይላል። ሌላው የሚያሳስት ነገር ስልክ ትንሽ ገፋ ሲደረግ መስመሩ ብቅ ጥልቅ ማለቱ ነው። ይህም ቤዙ ላይ ያየነው መደጋገፍና መጣፋት ነው። ሞገዱ 17 ወይም 33 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ጥሩና መጥፎ ቦታዎቹም በዚያ መጠን ይቀራረባሉ። ለዚህ ነው ሰው ስልክ ይዞ ጥግ ለጥግ የሚዞረው፤ ሞኝነት አይደለም።

ቡስተሩን አትግዛ። ፈቃድ የሌለው ቡስተር ከአንተ ስልክ ሌላ የሰፈሩን ሞገድ ሁሉ አጉልቶ ወደ ማማው ይረጫል፤ ማማው ይታወካል፣ ጎረቤቶችህም ኔትወርክ ያጣሉ። ያለ ቴሌኮም ድርጅቱ ፈቃድ ሊተከል አይገባም። የአንተ ችግር ደግሞ የሞገድ ማነስ አይደለም። ደጅ ስትወጣ በደንብ ይይዛል ብለሃል። ሞገዱ አለ፤ በር ነው ያጣው።

ስለ ጤና ባትጠይቅም እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ስለሆነ አጭር ልበል። የስልክ ሞገድ ድግግሞሽ ከብርሃን በታች ነው፤ እንደ ኤክስሬይ ከአቶም ኤሌክትሮን የመንቀል አቅም የለውም። የሚታወቀው ውጤቱ መጠነኛ ማሞቅ ነው። ይልቅ ኔትወርክ በደከመበት ክፍል ስልኩ ማማው ጋ ለመድረስ የራሱን ኃይል ይጨምራል። ባትሪህ ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ሞገዱን በደንብ ማስገባት ይህንንም ያቀላል።

ልጅህ በትምህርት ቤት ሌላ ክፍፍልም ትማራለች፤ ሎንጊቱዲናልና ትራንስቨርስ የሚባለውን። በድምፅ አየሩ የሚነዝረው ሞገዱ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው፤ ይህ ሎንጊቱዲናል ነው። በብርሃንና በሬዲዮ፣ በክራር ክር ላይም፣ ንዝረቱ ለጉዞው አግድም ነው፤ ይህ ትራንስቨርስ ነው። ለቤትህ ችግር ይህ ክፍፍል የሚጨምረው ነገር የለም። ለስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነዋሪ ግን ማወቁ አይከፋም። መሬት ሲንቀጠቀጥ ሁለቱም ዓይነት ይላካል። ገፊው (ሎንጊቱዲናሉ) በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ቀድሞ ይደርሳል፤ አንድ ጉብ የሚያደርግ ነገር ነው። አወዛዋዡ (ትራንስቨርሱ) በ3 ኪሎ ሜትር ተኩል አካባቢ ኋላ ይመጣል፣ ቤት የሚጎዳውም ይበልጡን እሱና እሱን ተከትለው በመሬት ገጽ የሚሄዱት ናቸው። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተደጋግሞ እንደተነሳው ዓይነት መንቀጥቀጥ 200 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ላለ ሰው በሁለቱ መካከል 25 ሴኮንድ ገደማ ይኖራል። አወዛዋዡ በፈሳሽ ውስጥ አያልፍም። ሳይንቲስቶች የመሬት ውጫዊ እምብርት ፈሳሽ መሆኑን የደረሱበት በዚሁ ምልክት ነው።

ወደ ሥራው። መጀመሪያ ብር ሳታወጣ ጎረቤትህን አነጋግር፤ ድምፅ ቀንስ ብለህ ግን አትጀምር። ለእሱ ገበያው ነው፣ ነገ ይመልሰዋል። ስፒከሩን ከግድግዳውና ከጥጉ እንዲያርቀው፣ ከሥሩም ወፍራም ጎማ እንዲያደርግበት ጠይቀው። ጥግ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ቤዙ በግድግዳዎቹ ስለሚደገፍ በከንቱ ይጎላል። ከዚያ ኢኳላይዘሩ (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ማስተካከያው) ላይ ከ60 ሄርዝ በታች ያለውን እንዲያወርድ። ደንበኛው ልዩነቱን እምብዛም አያውቀውም፤ አንተ ግን ትተኛለህ። ከሁሉም አማራጭ ይህን አጥብቄ የምመክረው ቤዝን ከምንጩ መቀነስ በጣሪያ ከመከላከል እጅግ ስለሚቀል ነው።

ያ ካልበቃ ሁለተኛው ኮርኒሱ ነው። የጋራው ግድግዳ ከቆርቆሮው በታች አልቆ ከሆነ ክፍተቱን በብሎኬት አዘግተህ ልሰነው፤ ከሁሉ በፊት የሚመጣው እሱ ነው። እንጨቱና የጣሪያው ማገር ክብደቱን ይችል እንደሆነ ግንበኛና አናጺ አይተው ይወስኑ። ቀጥሎ አቡጀዲውን አንስተህ ሁለት ድርብ የጂፕሰም ቦርድ ስቀል፤ መጋጠሚያዎቹን አቀያይረህ፣ ዳር ዳሩን በሲሊኮን ዘግተህ። ክፍተት አትናቅ፤ ከጠቅላላው ስፋት አንድ በመቶ ክፍት ከቀረ ቀሪው የቱንም ያህል ቢከብድ ከ20 ዴሲቤል በላይ አታገኝም። ጸጥታ ግን አትጠብቅ። ድርብ ጂፕሰም በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ቢሆን ነው፤ 50 ሄርዝን 10 ዴሲቤል ቢቀንስልህ ጥሩ ነው፣ ለጆሮ ግማሽ ገደማ ማለት ነው። ሌላው ገደብ ሙቀቱ ነው። ድሬ ላይ ሁሉንም ቀዳዳ ከዘጋህ ምድጃ ውስጥ ነው የምትተኛው። የአየር መግቢያውን ከሙዚቃ ቤቱ በተቃራኒ በኩል ተወው።

ጂፕሰሙ ኔትወርክ አይከለክልም፤ ሬዲዮ ሞገድ ብዙም ሳይጎዳ ያልፈዋል። ስለዚህ በዚያው ሥራ ላይ ከቆርቆሮው መካከል አንዱን ቅጠል አስነስተህ ብርሃን በሚያሳልፈው የፕላስቲክ ቆርቆሮ አስተካው፣ በተቻለ መጠን ደጅ ኔትወርክ ጥሩ በሚይዝበት በኩል። ስፋቱ ከሞገዱ ርዝመት ስለሚበልጥ እንደ መስኮት ይሆነዋል። ቤዙ ከቆርቆሮውም ስለሚያልፍ የምታጣው የለም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ሙቀት ለመከላከል ተብሎ የሚሸጠውን የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ያለበት ምንጣፍ ከላይ እንዳታስነጥፍ። እሱም ብረት ነው፤ የከፈትከውን በር መልሶ ይዘጋዋል።

ጎረቤትህ ጭራሽ አልሰማም ካለ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል፤ አቤቱታህን ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማቅረብ ትችላለህ። በስልክ አፕሊኬሽን ለክተህ ግን አትሂድ። የስልክ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ «ኤ» በሚባለው ሚዛን ነው የሚቆጥረው፤ ያ ሚዛን 50 ሄርዝን 30 ዴሲቤል ገደማ ቀንሶ ይጽፈዋል። ደረትህን የሚመታው ቤዝ ወረቀት ላይ ሹክሹክታ መስሎ ይቀርብሃል። ለኪ ሲመጣ ቤዝን እምብዛም በማይቀንሰው በ«ሲ» ሚዛንም እንዲለካልህ፣ መለኪያውንም አልጋህ አጠገብ፣ ግድግዳው ጋ እንዲያቆመው ጠይቅ።